ከአንኮበር በታች፦ በቅጥቅጥ በረሃ ወርዶ ማደር

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው በረሃ የሚባለውን ነገር ሩቅ አገር አድርጎ ነው የሚያስበው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ጠዋት በአመዳይ የነጣ ሣር ረግጦ የወጣ ሰው፣ በዚያው ቀን ግራር ሥር ሸሚዙን ከፍቶ «ውሃ አቀብሉኝ» እንደሚል ካልሄዱበት አይገባም። በ2010 ዓ.ም. ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ የድሮ የክፍል ጓደኛሞች አሥራ ዘጠኝ ሆነን ቅጥቅጥ የሚሉትን አውቶቡስ ተከራየንና በአንኮበርና በአልዩ አምባ በኩል ወደ አፋር ጠረፍ ወረድን። ሁለት ሌሊት አደርን። ከዚያ ወዲህ «እኛም ልንሄድ ነው፣ ምን እንያዝ?» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ስለበዛ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። የያኔው ሰላምና የዛሬው አንድ አይደለም። እኔ የምጽፈው ስለ መኪናው፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ድንኳኑና ስለሚታየው ነገር ነው። መንገዱ ክፍት ነው አይደለም የሚለውን በዚያው ሳምንት ሲመላለስ ከሰነበተ ሹፌር ስሙ፤ ከወረዳም የድጋፍ ደብዳቤ ሳትይዙ አትውጡ። እኛ ደብዳቤውን ያወጣነው ለወጉ ያህል ነበር፤ ኬላ ላይ ግን ከመታወቂያችን በፊት የተጠየቅነው እሱን ነው።

መኪና ስንፈልግ ግማሾቻችን ኮስተር የሚባለው አነስተኛ አውቶቡስ ይሁን አልን። ወንበሩ ይመቻል፣ መስኮቱም ሰፊ ነው። ሐሳባችንን ያስለወጡን በኋላ ሹፌራችን የሆኑት ጋሼ ናቸው። «ኮስተር የአስፋልት ነው። ታች ድንጋይ አለ፣ አሸዋ አለ፤ ሆዱን ይፍቀዋል» አሉ። ቅጥቅጥ አይሱዙ ሻንሲ ላይ የተሠራ ስለሆነ ከመሬት ከፍ ይላል፣ የኋላ ጎማው ድርብ ነው፣ ፖርቶ መጋላውም (ጣራው ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ) ሰፊ ነው። ለመቀመጥ አይመችም፤ እግሩ ረዘም ያለ ሰው ጉልበቱን ታቅፎ ነው የሚሄደው። ቢሆንም ዳግም ብሄድ የምይዘው ቅጥቅጥ ነው።

ባለንብረቱ የፍሬን ሸራው (ጎማው ውስጥ ታምቡሩን ይዞ የሚያቆመው) ባለፈው ወር መቀየሩን በእግዜር ስም ምሎ ነገረን፤ አመንነው። ውል ስንፈርም ስለ ሹፌርና ረዳት አበል፣ ስለ ነዳጅ፣ ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታውን ማን ይከፍላል በሚለው ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። ጎማ አስወልቆ ሸራውን ማየት ግን ለአንዳችንም አልታየን። እናንተ የምታውቁትን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱና ጎማው ወልቆ በዓይናችሁ እዩ። የሚፈጀው አንድ ሰዓት ነው፤ ያልፈቀደ ባለመኪና ደግሞ መልሱን በራሱ ሰጣችሁ ማለት ነው። ኪራዩን አልጠቅስም፤ የያኔው ዋጋ ዛሬ ቢነገር ከማሳቅ አያልፍም።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሣን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በጥር ጠዋት ብርዷ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሁሉም ጃኬቱን ለብሶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ሁለቱ ደግሞ የመንዝ በርኖስ ጭነው ነው የተሳፈሩት። አንኮበር ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ ሜዳ ለሜዳ፣ የገብስ ቃርሚያና የባሕር ዛፍ ጥግ ለጥግ ይኬዳል። ከዚያ ሜዳው እንደ ገበታ ጠርዝ ድንገት ያልቃል። አፋፉ ላይ ጭላዳዎች ቁጢጥ ብለው ሣር ይነጫሉ፤ ከእነሱ ጀርባ ያለው ሁሉ ጉም ነው። ጋሼ እዚያ አቁመው ሻይ እንድንጠጣ ፈቀዱልን። ረዳቱ «ከዚህ በኋላ ሙቀቱ ነው የሚበላችሁ» አለን፤ ሳቅንበት።

አንኮበር ላይ ሁለት ሰዓት ቆየን። አነሰ፤ እናንተ ግማሽ ቀን ስጡት። ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ላይ በእግር ይወጣል፣ መተንፈሻ ያሳጣል። ከላይ የሚጠብቃችሁ ከድሮው የተረፈ የግንብ ግድግዳ ነው፤ ኮረብታውን ዛሬ የያዘው ሎጅ ነው። «ይኼ ብቻ ነው?» የሚል እንግዳ ብዙ ነው፤ ከእኛም አንዷ ጮክ ብላ አለችው። እዚያው ፀሐይ የሚሞቁ አንድ አዛውንት ሰምተዋት ኖሮ፣ «ልጄ፣ ስሙ እኮ በር ነው፤ አንኮ በር። በር ከውስጥ ሆነሽ ብታይው ምኑ ያምራል? ከውጭ መጥተሽ እይው» አሏት። አንኮ የምትባል የኦሮሞ ባላባት ሴት በር ነበረ ይላል የአገሬው ትውፊት። ያኔ አባባላቸውን ወደድኩት እንጂ ነገሩ አልገባኝም። የገባኝ በማግስቱ ታች ሆኜ ነው።

የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ነው) እዚህ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጡት መቀመጫ አጥተው አይደለም። ከታጁራ ባሕር ዳር የሚነሣው የሲራራ ነጋዴ መንገድ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚደርሰው ከሥራቸው ነው። ጨው፣ ጨርቅ፣ ጠመንጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ባሪያም ጭምር ወደ ታች ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ለውል ሲመጣ ያስገባው ይኸው መንገድ ነው። ገጣሚው አርተር ራምቦ ደግሞ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ አስጭኖ ከታጁራ ተነሣ፤ አራት ወር ገደማ በረሃ ለበረሃ ተጉዞ እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ የሉም ተባለ፤ እንጦጦ ድረስ መከተል ነበረበት። ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው አንዱ «እኛ በአንድ ቀን የምንወርደውን?» አለ። ቀኑ ሳይመሽ በቃሉ አፍሯል።

ጊዜ ያላችሁ ከአንኮበር ወረድ ብሎ ያለውን ልጥ ማረፊያን ጠይቁ። የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች ከምኒልክ ተመርቶላቸው የሰፈሩበት ነው፤ መሪያቸው ማርኬዝ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። እኛ ቸኩለን አለፍነው።

ቁልቁለቱ ላይ ልቆይ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነውና።

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ያለው መንገድ በካርታ ላይ ጥፍር አያክልም። ሲወርዱት ግን ተራራው እንደ ክር ኳስ ይተረተራል፤ አንዱ ጥምዝ አለቀ ሲባል ሌላው ከሥሩ ይታያል። ጋሼ ጫፉ ላይ አቁመው ማርሹን ሁለተኛ አስገቡና «ዳገት የሞተር ነው፤ ቁልቁለት የሹፌር» ብለው ጀመሩ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናውን ይይዘዋል፣ ፍሬኑን ጥምዝ ላይ ብቻ ይነካሉ። ልክ ነበሩ። የማያውቁት ነገር ቢኖር ከኋላቸው አናት ላይ የተጫነውን ነው፦ ስምንት ጀሪካን ውሃ፣ ሦስት ድንኳን፣ የከሰል ማዳበሪያ፣ ከየትም የመጣ አንድ የብረት ምጣድ። ሁሉም ፖርቶ መጋላ ላይ ነበር። መኪናው በየጥምዙ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ገደሉ ጎንበስ ይላል።

ሽታው ከኋላ ነው የጀመረው። የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። «ማነው ሲጋራ የለኮሰው?» ተባለ። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ አየና ጣራውን ሁለቴ ደበደበ። ጋሼ ተራራውን ተጠግተው አቆሙ፣ ረዳቱ ሳይዘገይ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ወተፈ። ከቀኝ የኋላ ጎማ ቸርኬ ቀጭን ነጭ ጭስ ይወጣል። ከእኛ አንዱ ሊረዳ ብሎ የውሃ ጠርሙሱን ከፍቶ ሲጠጋ ጋሼ እንደዚያ ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው፦ «ውሃ እንዳታስነካ! ብረቱ ይሰነጠቃል!» የጋለ የፍሬን ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። ያለው መድኃኒት መጠበቅ ነው። ሃምሳ ደቂቃ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። በዚያ መካከል ጀሪካኖቹን ከላይ አውርደን በወንበሮች መካከል ወለሉ ላይ ደረደርናቸው። ጋሼ ራሳቸው ጎማው ሥር ተንበርክከው በባትሪ አዩና «ይሄ ሸራ ባለፈው ወር አይደለም፣ ባለፈው ዓመትም አልተቀየረ» አሉ። ከዚያ በኋላ በየአሥር ደቂቃው እያቆምን፣ ጎማውን በእጅ ጀርባ ከሩቅ እየለካን ወረድን። ጋሼ ባይሆኑ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን አላስበውም።

እንግዲህ ምክሬ፦ ከባዱ ነገር ሁሉ ወለል ላይ፣ ቀላሉ አናት ላይ። ሹፌራችሁ ቁልቁለት በኒውትራል የሚለቅ ሰው ከሆነ ደግሞ እፍረት ሳይዛችሁ ውረዱ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው የሚያደርጉት አሉ።

አልዩ አምባ ስንደርስ ከቀኑ 8 ሰዓት ሆኗል፤ በዕቅዳችን 5 ሰዓት ነበር። ከተማዋ ኮረብታ ጀርባ ላይ ናት፣ አየሩ ሌላ ነው። ጃኬት እየወለቀ፣ ጋቢ እየተጠቀለለ ወደ ላይ ተወረወረ፤ በርኖስ የለበሱት ሁለቱ ላባቸው ይንጠባጠባል። አልዩ አምባ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ትልቁ የሲራራ ገበያ ነበረች። የሐረር ነጋዴ፣ አፋሩ፣ አርጎባው እዚህ ቤት ይዞ ይኖር ነበር፤ አጠገቧ ያለው አብዱል ረሱል ደግሞ የባሪያ ገበያ ነበር። ዛሬ የአርጎባ ከተማ ናት። ሸማኔዎቿ ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰድደው መወርወሪያ ሲያመላልሱ በር ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። አማርኛቸው ከእኛው ነው፤ የጥንት አርጎብኛቸውን እዚህ የሚናገር ማግኘት ግን ይከብዳል።

ትልቁ ስሕተታችን እዚህ ነው የተሠራው። በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ አፋርኛ የሚችል የአርጎባ ልጅ መሪ ቀጥረን ወዲያው ወደ ታች ቀጠልን። ምሽቱን አልዩ አምባ አድረን ጠዋት መውረድ ነበረብን። መሪው ራሱ «ወንድሞቼ፣ ዛሬ እደሩ፤ በረሃ ሲመሽ ድንኳን አይተከልም» ብሎናል። ፕሮግራም ይዘን ነበርና ፕሮግራማችንን አከበርን።

ከአልዩ አምባ በታች ወደ መልካ ጀብዱ ሲወረድ ማሽላው ያልቃል፣ ግራሩ ይጀምራል፣ አፈሩ ይነጣል። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ በበጋ ውሃው ጭል ጭል ነው ወይም ጭራሽ የለም፣ የቀረው ሰፊ አሸዋ ነው። አንድ የደረቀ ወንዝ ላይ ጋሼ በዝግታ መካከል ሲደርሱ አንዱ ጓደኛችን «አንዴ ይቁምልን፣ ፎቶ!» አለ። ቆመ፤ በዚያው ቀረ። አሸዋ ላይ የቆመ ከባድ መኪና ሲነሣ ራሱን ይቀብራል። ሁላችንም ወርደን ከጎማው ፊት አሸዋውን በሣሕንና በእጅ ዛቅን፣ ጠፍጣፋ ድንጋይና ቅጠል ከሥሩ አነጠፍን፣ ገፋን። በሦስተኛው ሙከራ ወጣ። ሰዓቱ 12 ተኩል ነበር፤ ፀሐይ ጠልቃለች። አሸዋ ከመግባታችሁ በፊት ቁሙ፣ በእግር ሄዳችሁ እዩት፣ ከገባችሁ ግን ማዶ ሳትደርሱ አትቁሙ። ፎቶው ይቆያል።

ድንኳን የተከልነው በስልክ ባትሪ ነው። ለስላሳው ቦታ አሸዋው ስለሆነ ሁላችንም ወንዙ ውስጥ እንትከል አልን፤ ከነፋስም ይከልላል። መሪያችን አልተከራከረንም። ባትሪውን ተቀበለኝና ዳር ላይ ያለ አንድ ግራር ላይ አበራ። ከእኔ ቁመት በላይ፣ የቅጥቅጡ መስኮት በሚደርስበት ከፍታ፣ ቅርንጫፉ ላይ የደረቀ ሣር፣ የማሽላ አገዳና የተሰነጠቀ ቢጫ ጀሪካን ተሰክቶ ነበር። «ይሄን ውሃ ነው የሰቀለው» አለ። «እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ላይ እናንተ አገር ዘንቦ ደራሽ ይመጣል።» የእኛ የደብረ ብርሃን ዝናብ እዚህ ሰው ይወስዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በጥር እንኳ ቢሆን፣ በልግ ቀደም ብሎ ሊመጣ ይችላልና፣ ከወንዝ ዳር ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ። ድንጋዩን ለቅማችሁ፣ እሾሁን ጠርጋችሁ ነው። የግራር እሾህ የሸራ ጫማ ሶል ያልፋል፤ የእኔን አልፏል። የአየር ፍራሽ ያመጣው ጓደኛችን ፍራሹ ሌሊቱን አልተረፈለትም።

ሌሊቱ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ለዚህ ብቻ እመለሳለሁ። እስከ 4 ሰዓት ድረስ ሙቀቱ ከመሬት ይወጣል፣ ከዚያ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አንድ ጋቢ ይበቃል። ከባድ ብርድ ልብስ የተሸከመ ሁሉ የተሸከመው ለከንቱ ነው። ጅብ ከሩቅ ይጮኻል። ኮከቡ ላይ ከተማ ያለ ሰው የረሳው ብዛት አለ። ጠዋት ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት ገልብጣችሁ አራግፉ፤ ከአንዷ ጫማ ጊንጥ ወጥቷል፣ ትንሽ፣ ገለባ የመሰለ።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽና ሽሮ ከያዛችሁ ማንም አይራብም። ሥጋ አትያዙ፤ የእኛ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ተጣለ። አረቄ የያዛችሁ ደግሞ ቦርሳችሁ ውስጥ ይቀመጥ። አካባቢው ሙስሊም ነው፤ መሪያችን አንዱ ጠርሙስ ሲያወጣ አይቶ በጨዋ ደንብ «እቤት ትጠጡታላችሁ» አለ፤ ነገሩ አለቀ።

ውሃ ላይ ግን ተዋርደናል። ስምንት ጀሪካን፣ 160 ሊትር፣ ብዙ መስሎን ነበር። ሃያ ሁለት ሰው ነን፤ መጠጡ፣ ሽሮው፣ ቡናው፣ ዕቃ ማጠቢያው፣ ራዲያተሩም የጠጣው አለ። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሁለት ጀሪካን ቀረ፤ ከሁለቱ አንደኛው የዘይት የነበረ ነው፣ ውሃው ሳሙና ሳሙና ይላል። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ብንይዝ ኖሮ ለሁለት ቀን ተኩል አሥራ አራት ጀሪካን ነበር የሚያስፈልገን። የራዲያተሩን ለብቻ ያዙ፤ ሹፌሩ እንጂ ማንም አይንካው።

ያን ቀን ተማሪ ሳለን ሯጭ የነበረው ጓደኛችን ወደቀ። አልተሯሯጠም፤ ያለ ኮፍያ ሁለት ሰዓት ወፍ ሲያይ ነው የቆየው። (ወፍ ማየቱ ተገቢ ነው። እዚህ ቆላ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወፍ አለች፤ ላይ ገደሉ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 የተገኘች፣ በአንኮበር ስም የተሰየመች ሌላ አለች። በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ለማየት የውጭ ሰዎች ከባሕር ማዶ ይመጣሉ።) ራሴን አመመኝ አለ፣ አስመለሰው፣ ቆዳው ጋለ። ነርስ የሆነችው ጓደኛችን ጥላ ሥር አስተኛችው፣ ነጠላ በውሃ ነክራ አንገቱና ብብቱ ላይ አደረገች፣ ኦ አር ኤስ (የጨውና የስኳር ዱቄት) በጥብጣ በማንኪያ በማንኪያ ሰጠችው። በአንድ ጊዜ ብዙ ብታጠጡት ያስመልሰዋል አለች። ማታ ላይ ተነሣ። ስንት ኦ አር ኤስ ይዘን ነበር? ሁለት ከረጢት፣ ያውም እሷ በራሷ ይዛ የመጣችው። አሥር ያዙ።

አፋሮቹ ዘንድ የሄድነው በዚያው ቀን ጠዋት ነው። ድንኳናችንን ከሩቅ አይተውት ኖሮ ሁለት ሰዎች ወደ እኛ መጡ፤ አንደኛው ወገቡ ላይ ጊሌ የሚሉትን ቆልማማ ጩቤ ታጥቋል። መሪያችን ተነሥቶ ተቀበላቸውና ሦስቱ ፈንጠር ብለው ቁጭ አሉ። አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ ያለማቋረጥ ያወራል፣ ሌላው በየመሃሉ አጭር ድምፅ እያሰማ ይሰማል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። አሥር ደቂቃ ያህል ሆነ። ዳጉ ይሉታል፤ ዜና መለዋወጥ ነው፦ ዝናብ የት ዘነበ፣ ከብት የት ታመመ፣ መንገድ ላይ ማን ታየ፣ እነዚህስ እነማን ናቸው። እሱ ሳያልቅ ሰላምታ ብለን ጣልቃ አለመግባታችን ጥሩ ሆነ። ስኳርና ቡና ሰጠናቸው፤ ገንዘብ ስጡ ያለ የለም። አብረናቸው ሰፈራቸው ሄደን ካሜራ ያወጣነው በመሪው በኩል ጠይቀን ከተፈቀደልን በኋላ ነው፤ ሴቶቹን ማንሳት አልተፈቀደም፣ አላነሣንም። በጭስ በታጠነ ጮጮ የግመል ወተት ቀረበልን። ይጣፍጣል። ሆድ ያልለመደው ግን ትንሽ ይቅመስ፤ ሁለት ጊዜ ያስሞላው ጓደኛችን ከሰዓቱን ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ሲል ዋለ።

የሰፈሩን ሽማግሌ ስለ ግመሎቹ ስንጠይቃቸው በጅራፋቸው ወደ ምዕራብ አመለከቱ። ዘወር ስል ተራራው አለ። ማታ ደርሰን አላየነውም፣ ጠዋትም በወሬ ተይዘን ጀርባችንን ሰጥተነው ነበር። ከሜዳው ቀጥ ብሎ የተነሣ ግድግዳ ነው፤ ወገቡ ሰማያዊ፣ አናቱ ፀሐይ ላይ። አንኮበር እዚያ ላይ ነች። ሽማግሌው ያሉትን መሪው ተረጎመው፦ «አያቶቻችን ጨው እስከዚህ ያመጣሉ። ግመል ከዚህ አያልፍም፤ ዳገትና ብርድ አይችልም። ከዚህ በኋላ ያለው የእናንተ አህያ ነው።» እውነትም በዚያ ዘመን የሲራራው ግመል ተራራው ግርጌ ፋሬ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ቀረጥና ፍተሻው እዚያ ይሆናል፣ ጭነቱ በሰውና በአህያ ተከፋፍሎ ወደ ላይ ይወጣል። ንጉሡ ሳይፈቅዱ አንድ አሞሌ እንኳ አይገባም ማለት ነው። አዛውንቱ «ከውጭ መጥተሽ እይው» ያሉትን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ያችኑ ጓደኛችንን ፈልጌ ዞር ስል እሷም ዝም ብላ ወደዚያው ታያለች።

ስለዚህ አንኮበርን በሁለት ሰዓት ጎብኝታችሁ ወደ ደብረ ብርሃን የምትመለሱ ከሆነ፣ ቢያንስ አልዩ አምባ ድረስ ውረዱና ወደ ላይ እዩ። ተጨማሪ ቀን ያላችሁ ደግሞ በዋናው መንገድ በጣርማ በር ዋሻ፣ ጣልያኖች በቀደዱት፣ ወደ ደብረ ሲና ወርዳችሁ በሸዋ ሮቢት በኩል የጥንቱን የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች ፍርስራሽ ጠይቁ። ኖራ ላይ በጥርብ ድንጋይ የተሠራ የመካከለኛው ዘመን መስጊድ አለ። መንገድ መሪ ከዚያው ከአካባቢው ያዙ፤ ቦታው የእምነት ቦታ መሆኑንም አትርሱ።

ከተመለስን ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱን ጓደኛችንን ትኩሳት ያዘው። ክሊኒክ ሄደ፣ ጉንፋን ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጠው፤ በሦስተኛው ቀን ተንቀጥቅጦ ወደቀ። ወባ ነበር። ሐኪሙን አልወቅስም፤ ደብረ ብርሃን ላይ ጉንፋን እንጂ ወባ ማን ያስባል፣ እሱም «ቆላ ወርጄ ነበር» አላለም። አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፣ ማታ እጅጌ ረዥም ልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ወራትም ቢቆጠሩ፣ ትኩሳት ቢይዛችሁ መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው ቆላ መሄዳችሁ ይሁን፤ ደማችሁ ይታይ።

መመለሻው ዳገት ስለሆነ ፍሬን አላስጨነቀንም፤ ያስቸገረን ራዲያተሩ ነው፣ ሦስት ጊዜ ቆመን አቀዘቀዝን። አንኮበር አፋፍ ስንደርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል፣ ጉሙ መሬት ነክቷል፣ ሁላችንም በቲሸርት ነን። ጃኬቶቹ ፖርቶ መጋላው ላይ፣ ከድንኳኖቹ ሥር፣ ከምጣዱ ሥር ነበሩ። ረዳቱ ባትሪ በጥርሱ ይዞ ወጣና በጨለማው ያገኘውን ሁሉ ወደ ታች ይወረውር ጀመር። ማንም የራሱን አልጠበቀም፤ የደረሰለትን ለበሰ። የእኔን ጃኬት ያገኘሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ኪሱ ውስጥ አንድ ሙሉ የግራር እሾህ ተሰክቶበት።